የቤተሰብ ታሪክ ፕሮጀክት ለ7ኛ ክፍል፦ ባዶ የዘር ሐረግ ያመጣችው ተማሪዬ

የታሪክ መምህርት (ጥያቄ አቅራቢ)

ጤና ይስጥልኝ። 7ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ለልጆቹ አንድ ገጽ ቅጽ አባዝቼ እሰጣለሁ። ከታች ተማሪው፣ ከበላዩ ሁለት ሳጥን፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፤ በድምሩ 15 ሳጥን። በሁለት ሳምንት ሞልተው ያመጣሉ፣ ከ10 አርሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ስሙ «የቤተሰብ ታሪክ ጥናት» ነው።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ ቅጹን ባዶውን መለሰችልኝ። ከታችኛው ሳጥን ውስጥ የራሷን ስም ጽፋለች፣ በጣም ባማረ የእጅ ጽሕፈት። ሌላው ሁሉ ነጭ ነው። «የሚነግረኝ ሰው የለም» አለችኝ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከአሳዳጊ ጋር እንደምትኖር ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ 15ቱንም ሳጥን ሞልቶ አስረከበኝ። አባቱ በስልክ የላኩለትን ዝርዝር ነው የገለበጠው። «እስቲ ከእነዚህ ሰዎች ስለ አንዱ ንገረኝ» አልኩት። ስለ ማንም የሚነግረኝ አልነበረውም። በእኔ አስተራረም እሱ 10 ከ10 ያገኛል፣ እሷ ምንም።

ያን ማታ ወረቀቶቹን ማረም አቃተኝ። ጥናት ብዬ የሰጠሁት ነገር ጥናት እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ፕሮጀክቱን ግን መተው አልፈልግም፤ ታሪክ በእነሱም ቤት ውስጥ እንዳለፈ ልጆቹ የሚያዩበት ሌላ አጋጣሚ የላቸውም። ስድስት ሳምንት አለኝ። እንደ አዲስ እንዴት ልሥራው? የተሳካላችሁንም ያልተሳካላችሁንም ንገሩኝ።


ቋንቋ አስተማሪው

የሥራ ባልደረባዬ፣ ያንን ቅጽ እኔም ለረጅም ጊዜ ሰጥቻለሁ። የተውኩት የልጆቹ ጉጉት ከቅጹ ጋር አብሮ ስለሚሞት ነው፤ ሳጥኑ ሲሞላ ሥራው አለቀ ይላሉ። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ዕቃ ወይም ስለ አንድ ፎቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይነሳል። ባለፈው ጊዜ ከመጡልኝ ጥቂቶቹ እነሆ፦ «ሴት አያቴ ከ6ኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጠችው ለምንድነው?» «አጎቴን ብየዳ ማን አስተማረው?» «በዚህ ፎቶ ላይ ከእናቴ አጠገብ የቆመው ልጅ ማን ነው?» «ማንም የማይከፍተው የብረት ሳጥን ከየት መጣ?»

የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉውን በጥያቄው ላይ ብቻ ነው የማጠፋው። ልጆች በመጀመሪያ ይዘው የሚመጡት «የቤተሰቤ ታሪክ ምን ይመስላል?» የሚል ነው። እመልስላቸዋለሁ። አንድ ሰው «የለም፣ እንዲያ አልነበረም» ብሎ ሊከራከርበት የሚችል መልስ የሚያወጣ ጥያቄ እስኪያመጡ ድረስ እመልሳለሁ። ሦስት አራት ጊዜ የሚመላለሱ አሉ፤ ይሰለቻሉ፣ እኔም እሰለቻለሁ። ግን ጥያቄው ከተስተካከለ የቀረው ራሱን ይጎትታል።


በጉዲፈቻ ያደግሁ

ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ ያቺ ልጅ ነበርኩ። 12 ዓመቴ ነበር፣ የተሰጠን ያው ቅጽ ነው። መምህሬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግራ ሲገባኝ አይተው «ከፈለግሽ ፈጥረሽ ጻፊ» አሉኝ። ፈጠርኩ። ስምንት የማይኖሩ ሰዎች ስም አወጣሁ፤ ወረቀቱ ተለጠፈ፣ እኔም ዓመቱን ሙሉ በዚያ ግድግዳ አጠገብ ስሄድ ፊቴን አዞር ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። ለእሷ ብቻ የተለየ ሥራ አትስጫት። «አንቺ ሌላ ነገር ሥሪ» ማለት በክፍሉ ሁሉ ፊት መጠቆም ነው፤ ምርጫውን ለሁሉም ክፈቺው፣ እሷም እንደ ማንኛውም ልጅ ትምረጥ። ሁለተኛ፣ ለምን ያንን እንደመረጠች እንድታስረዳ አትጠይቂያት። ሦስተኛ፣ ማንም ልጅ የሕፃንነት ፎቶ አምጣ አይባል። ያለው ራሱ ያመጣል። የሌለው ግን ትዕዛዙን ከሰማበት ቀን ጀምሮ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ደግሞም ፎቶ የሌለው በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ብቻ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት አለ፣ ከቤቱ የተፈናቀለ አለ፣ ወላጆቹ ተጣልተው አልበሙ አንዱ ጋ የቀረ አለ።

ቤተሰብ የሚለውን ቃል ደግሞ መመሪያው ላይ አንቺ ራስሽ ፍቺው። «ያሳደገኝ፣ አብሮኝ የኖረ ወይም ሕይወቴን የቀየረ ሰው» ብለሽ ብትጽፊ እኔ ያኔ የምጽፈው ሰው ነበረኝ። የብዙ ገጽ ታሪክ ያላት ሴት ነበረች ያሳደገችኝ። ማንም ስለ እሷ ጻፊ አላለኝም።


የሁለት ልጆች አባት

በአክብሮት ልቃወም። ልጆቼ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ያወቁት እንዲህ ያለ ቅጽ ስለተሰጣቸው ነው። ቅጹ ባይኖር ኖሮ እኔም ቁጭ ብዬ አልነግራቸውም ነበር፤ ሥራ ይበዛብኛል፣ ማታ ይደክመኛል። ስም ትንሽ ነገር አይደለም። ስሙ ያልታወቀ ሰው ታሪክ ከየት ይጀመራል? ለተቸገሩት ልጆች መፍትሔ ይፈለግ፣ አዎ፣ ግን ሐረጉን ጨርሶ ማጥፋት ለሌሎቹ ጉዳት ነው።


መዝገብ ቤት የኖርኩ

አባትየው እውነት አላቸው። ሐረጉ ይኑር፤ ግን የተማሪው መሣሪያ ይሁን እንጂ የሚታረም ሥራ አይሁን። ለመሣሪያነትማ በጣም ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1590 ሚካኤል አይትዚንገር ያሳተመው፣ በ1898 ደግሞ ሽቴፋን ኬኩሌ ፎን ሽትራዶኒትዝ ያስፋፋው አንድ የቁጥር ዘዴ አለ፤ የ7ኛ ክፍል ልጆች ይወዱታል። ተማሪው 1 ነው። የማንኛውም ሰው አባት የዚያ ሰው ቁጥር እጥፍ ነው፤ እናት እጥፉ ሲደመር 1። አባቴ 2፣ እናቴ 3፣ የእናቴ አባት 6፣ የእናቴ አባት እናት 13። ቁጥሩን አይቶ ሰውየው በየት በኩል እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ልጆቹ እስከ 10 ትውልድ ወደ ኋላ ያስሉት፤ በዚያ ረድፍ ብቻ 1,024 ቦታ አለ። ያን ጊዜ ሙሉ ሐረግ ያለው ሰው በምድር ላይ እንደሌለ ይገባቸዋል፤ ባዶ ሳጥን የሁሉም ሰው ነው፣ የሚለያየው የሚጀምርበት ረድፍ ብቻ ነው።

ዋናው ልናገር የፈለግሁት ግን ስለ ወረቀት ነው፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከእሱ ጋር ነውና ብረዝምባችሁ ታገሡኝ።

ልጆች ሰነድ ሲያገኙ «ምን ይላል?» ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አስተምሪያቸው፦ ይህን ለጸሐፊው ማን ነገረው? ነጋሪውስ ነገሩ ሲሆን በቦታው ነበር? የሞት ምስክር ወረቀትን እንውሰድ። ሰውየው ስለሞተበት ቀን ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ነው የሚጻፈው፣ የሚያስመዘግበውም ነገሩን በቅርብ የሚያውቅ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ያለው የልደት ቀን ግን የመጣው ካዘነ ልጅ ወይም ከጎረቤት አፍ ነው፤ ሰውየው ሲወለድ ሁለቱም አልነበሩም። ወረቀቱ አንድ ነው፤ በአንዱ መስመር ይታመናል፣ በሌላው ይጠረጠራል። ይህን የያዘ የ13 ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ ጋዜጣም ሲያነብ በሌላ ዓይን ነው የሚያነበው።

የዕድሜ ነገርም አለ። በየአገሩ የሕዝብ ቆጠራ ወረቀቶች ላይ 40፣ 45፣ 50 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ቁጥር ከተገቢው በላይ ይበዛል፤ 41 እና 49 ይጎድላል። ሰዎቹ ዋሽተው አይደለም፤ ልካቸውን ስለማያውቁ ወደ 0 ወይም ወደ 5 ያጠጋጉታል። ተማሪሽ «ቅድመ አያቴ በአንዱ ወረቀት 40፣ ከ10 ዓመት በኋላ በተጻፈው 55 ናቸው» ብሎ ሲመጣ የትኛው ውሸት ነው ብሎ እንዲጨነቅ አታድርጊው። ሁለቱንም ይጻፍ፣ የትኛው ለልደቱ ይቀርባል ብሎ ያመዛዝን።

የዘመን አቆጣጠርም ብዙ ያሳስታል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1582 ሲጀመር ከጥቅምት 4 ማግስት ጥቅምት 15 ተባለ። ብሪታንያ የተቀበለችው በ1752 ነው፤ ከመስከረም 2 ወደ 14 ዘለለች። ሩሲያ እስከ 1918 ቆየች። ጆርጅ ዋሽንግተን የተወለደው በዘመኑ መዝገብ የካቲት 11 ቀን 1731 ነው፤ ዛሬ የሚጻፈው የካቲት 22 ቀን 1732 ነው። የአዲስ ዓመቱ መጀመሪያ ከመጋቢት 25 ወደ ጥር 1 ስለተዛወረ ዓመቱም ተለውጧል። ስለዚህ አንድ ሕግ ይያዙ፦ ቀኑን በወረቀቱ ላይ እንዳለ ይገልብጡ፣ ወደ ሌላ አቆጣጠር የቀየሩትን በጎን በሌላ ቀለም ይጻፉ። ቀይሮ ዋናውን የጣለ ተማሪ ሲሳሳት መመለሻ መንገድ የለውም።

የመጨረሻው የጠፋ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ የተነሳ እሳት የአሜሪካን የ1890 የሕዝብ ቆጠራ ክፉኛ አበላሸው፤ የተረፈውም ኋላ በመንግሥት ፈቃድ ተወገደ፣ ዛሬ ያለው ጥቂት ቁራጭ ብቻ ነው። በ1922 በደብሊን ፎር ኮርትስ በተባለው የፍርድ ቤት ሕንፃ በተደረገ ውጊያ የአየርላንድ መዝገብ ቤት የዘመናት ሰነዱን አጣ። የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 ቆጠራ በ1942 ተቃጠለ፤ የ1941ዱ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ጭራሹኑ አልተካሄደም፤ ስለዚህ ከ1921 እስከ 1951 ድረስ የቆጠራ ወረቀት የለም። በክፍተቱ ውስጥ እግዜር ይስጠው በ1939 የተሠራ የሕዝብ ምዝገባ አለ። ያለውም ሁልጊዜ አይከፈትም፤ አሜሪካ የቆጠራ ወረቀቶቿን 72 ዓመት፣ እንግሊዝ 100 ዓመት ትዘጋለች። መንግሥታትም የራሳቸው ባዶ ሳጥን አላቸው። ይህን ለተማሪሽ ንገሪያት፣ ለብቻዋ ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ።


ዝምተኛ አንባቢ

አንድ ጥያቄ አለኝ። በቤታችን የሚነገር ታሪክ አለ፤ ከቅድመ አያቴ ወንድሞች አንዱ አሜሪካ ሲገቡ ኤሊስ ደሴት ላይ ያለ ጸሐፊ ስማቸውን ቀየረው ይባላል። ልጄ ለፕሮጀክቱ ይህን መርጧል። እውነት ነው ወይ?


መዝገብ ቤት የኖርኩ

እንደዚያ የሚሉ ቤተሰቦች እጅግ ብዙ ናቸው። ኤሊስ ደሴት ከ1892 እስከ 1954 ድረስ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አስተናግዳለች። መርማሪዎቹ ግን ስም ከጆሯቸው ሰምተው አይጽፉም ነበር፤ በእጃቸው ያለውን የመርከብ ዝርዝር እያዩ ያመሳክራሉ፣ ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ደግሞ በመነሻው ወደብ ነው። ስም ብዙውን ጊዜ የተቀየረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራ ሲፈለግ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ዜግነት ሲወሰድ።

ልጅዎ ግን ታሪኩን አይጣለው። ከመርከቡ ዝርዝር ጀምሮ በየወረቀቱ ስሙ እንዴት እንደተጻፈ በቅደም ተከተል ይደርድር፣ የተቀየረበት ቦታ ራሱ ይታያል። ከዚያ የተሻለው ጥያቄ ይመጣል፦ «ራሴ ቀየርኩት» ማለት ትቶ «ቀየሩብኝ» ማለት ለእሳቸው ለምን ቀለላቸው? ፋሚሊሰርች የተባለውን ድረ ገጽ በነፃ መጠቀም ይችላል። ከ1938 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ መዝገቦች አሉበት። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፤ የመዝገቡ ምስል ማስረጃ ነው፣ ሌላ ተጠቃሚ ሠርቶ የለጠፈው ሐረግ ግን ፍንጭ ብቻ ነው።


ድምፅ ሠሪው

ሬዲዮ ላይ ለረጅም ጊዜ የሰው ታሪክ ቀድቻለሁ፤ ስለ ቃለ መጠይቁ ልጨምር። ዩኒቨርሲቲዎች የቃል ታሪክን በሥርዓት መሰብሰብ የጀመሩት ብዙም ሩቅ አይደለም፤ አለን ኔቪንስ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የቃል ታሪክ ቢሮ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ዋና መሣሪያው ዛሬም ያው ነው፤ የሚጠይቅና ዝም ብሎ መስማት የሚችል ሰው።

ልጆች «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብለው ይጀምራሉ። ሽማግሌው ይጨነቃል፣ ይገምታል፣ ከዚያ ወዲያ ራሱን እንደ ተፈታኝ ያያል። ይልቅ «ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበሩ? ታናሽዎ ተወልዶ ነበር? ቤቱ በር ላይ ስትቆሙ ምን ይታያል?» ብለው ይጠይቁ፤ ዓመቱ በኋላ ይሰላል። ባዶ እጅ አይሂዱ፤ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የሥራ መሣሪያ ይዘው ይሂዱ። የሰው እጅ አንድ ነገር ሲይዝ አፉም ይፈታል። መልስ ሲያልቅ ደግሞ ወዲያው ሌላ ጥያቄ አይደርድሩ። በልባቸው እስከ 7 ይቁጠሩ። የምነግራችሁ ከብዙ ሰዓት ቅጂ ነው፤ ምርጡ ነገር የሚመጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው።

ስልክ ይበቃል። ማራገቢያና ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ስልኩ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ፣ በመጀመሪያ ተማሪው የራሱን ስም፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን በድምፅ ይናገር። ከ40 ደቂቃ በላይ አይሂድ፤ አዛውንት ይደክማሉ። ያን ዕለት ማታ ቅጂው ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ። ሁሉንም ቃል በቃል መጻፍ ለዚህ ዕድሜ ቅጣት ነው፤ ሦስት ደቂቃ መርጠው እሱን ብቻ ይጻፉ፣ ግን «እ...» የተባለበትንም ሳይዘሉ።

ፎቶ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ አይጽፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ፣ በጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ሳይጫኑ። የፎቶን ዘመን ለመገመትም የአሠራሩ ዓይነት ይረዳል፤ ለምሳሌ የፖላሮይድ ቅጽበታዊ ፎቶ ከሆነ ከ1948 አይቀድምም፣ በቀለም ከሆነ ደግሞ ከ1963።


የሥነ ሕይወት መምህር

በእኔ ትምህርት በኩል ያለውን ጉዳት ላንሳ። እኛም «ምላስ መጠቅለል በቤተሰብህ ማን ይችላል?» የሚል ሥራ እንሰጣለን። አልፍሬድ ስተርተቫንት በ1940 ምላስ መጠቅለል በውርስ የሚመጣ ነው ብሎ ጻፈ፤ ከዓመታት በኋላ ተመሳሳይ መንትዮች ሲጠኑ አንዱ የሚችል ሌላው የማይችል ተገኘ፣ ስተርተቫንት ራሱም ኋላ ተቀበለው። የዓይን ቀለምም ብዙ ጂኖች የሚወስኑት ነው። በዚህ ሥራ የተነሳ «አባቴ አባቴ አይደለም ማለት ነው?» ብሎ ያለቀሰ ተማሪ አጋጥሞኛል። ሳይንሱም የተሳሳተ ነበር። ትቼዋለሁ።

የዲኤንኤ ምርመራን ደግሞ ማንም ተማሪ ለፕሮጀክት እንዳይጠቀም በግልጽ ጻፊ። ምራቁን የሚሰጠው አንድ ልጅ ነው፤ የሚገለጠው ግን የወንድሙም፣ የእናቱም፣ ያልተጠየቀ የአጎቱም ነው። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በተባለው ድርጅት ላይ በ2023 በደረሰው ሰርጎ መግባት ወደ 6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጥቷል፤ ድርጅቱ በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ዲኤንኤ አይቀየርም።


የሰባት ልጆች አያት

ልጆቼ፣ እኔ በጠያቂዎቹ በኩል ሳይሆን በተጠያቂዎቹ በኩል ነኝ። የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤት ብሎ ጠየቀኝ። ቀን ይጠይቀኛል ብዬ ወረቀቶቼን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «አያዬ፣ ከቤት ስትወጪ ምን ይዘሽ ወጣሽ?» አለኝ። በዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ የለም። አንድ ሰዓት አወራሁ። ለልጆቼ ያልነገርኳቸውን ነገርኩት፤ ስለሞተችው የመጀመሪያ ልጄ።

እሱም ሄዶ በክፍሉ ፊት አነበበው። ክፋት አልነበረውም፣ ኮርቶብኝ ነው። ግን የልጁ ጓደኛ እናት መንገድ ላይ አግኝታኝ «አይዞሽ» ስትለኝ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄም ከሰው አፍ ሰማችው፤ አልቅሳ መጣች፣ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም ብላ። ጥፋቱን በልጁ ላይ አልጥልም። ማንም «ይህን ላንብበው?» ብለህ ተመልሰህ ጠይቅ አላለውም።

እባክሽ መምህርት፣ ሁለት ጊዜ እንዲጠይቁ አድርጊ። ከመቅዳታቸው በፊት አንድ ጊዜ፣ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ደግሞ እያነበቡልን። «ይቺን አውጣት» ስንል ያውጡ፣ ምክንያት አይጠይቁን።


የታሪክ መምህርት

እናቴ፣ አመሰግንዎታለሁ። ይህን በመመሪያዬ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ ብዬ። አንድ ነገር ግን አሁንም አልተፈታልኝም፦ ማርኩ። ብዙ ያገኘ ልጅና ምንም ያላገኘ ልጅ እንዴት በአንድ ሚዛን ይለካሉ?


ቋንቋ አስተማሪው

እኔ ለግኝት ማርክ አልሰጥም። ከ20 ነው የምይዘው። ለጥያቄው 4። ቢያንስ ሁለት ምንጭ ኖሮት እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ ካሳየ 6። ምንጮቹ ሲጋጩ ግጭቱን ሳይሸፍን አውጥቶ ከመዘነ 5። «የፈለግሁትና ያላገኘሁት» ለሚል አንድ ገጽ ደግሞ 5፤ እዚያ ላይ የት እንደፈለገ፣ ማንን እንደጠየቀ፣ ምን ቢገኝ ኖሮ መልሱን ይሰጥ እንደነበር ይጽፋል። ተማሪሽ ባዶ ሳጥኖቿን ይዛ ይህን ገጽ ከማንም በተሻለ ልትጽፈው ትችላለች።

አንዳንድ ጊዜ ወላጆች በአትላንታ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የሠሩትን 20 ጥያቄዎች ያነሱልኛል፤ አያቶችህ የት አደጉ፣ ወላጆችህ እንዴት ተገናኙ የሚሉ ናቸው። መልሱን የሚያውቁ ልጆች በራሳቸው የመተማመን ስሜታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ተነስቶ ልጅን መልስ ማስጠናት ግን ስሕተት ነው፤ ዱክ ራሱ መልሱን ማወቅ ብቻውን ውጤት እንደማያመጣ ጽፏል። ልጁን የሚጠቅመው መልሱ በቤት ውስጥ የሚነገርበት፣ አብሮ የሚቀመጡበት ጊዜ ነው። 15ቱን ስም የገለበጠው ተማሪሽ ስሞቹን አግኝቷል፤ ያጣው ያንን መቀመጥ ነው።


የታሪክ መምህርት

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ነን። ስድስቱ አልበቃም፤ ለጥያቄው ብቻ ሁለት ሳምንት ሄደ። ቃል በገባሁት መሠረት የሆነውን ልንገራችሁ።

ያልተሳካው፦ የሦስት ልጆች ቅጂ ጠፋ፤ ያን ዕለት ማታ ገልብጡ ብዬ ነበር፣ ግን ማን እንደገለበጠ በማግስቱ አልጠየቅሁም። አንድ አባት ልጃቸው የድሮ የቤተሰብ ጠብ ስለቆሰቆሰ ተቆጥተው መጡ፤ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ ልጁም ጥያቄውን ቀየረ። አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች ሁለተኛ ምንጭ ማለት ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ መጠየቅ መስሏቸው ነበር፤ ይህ የእኔ የማስረዳት ጉድለት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት በምሳሌ አሳያለሁ።

15 ሳጥን የሞላው ልጅ በቁጥር ዘዴው 13 ቁጥርን መረጠ፣ የእናቱን አባት እናት። አባቱ በላኩለት ዝርዝር ላይ አንድ ስም አላት። የእናቱ አክስት ጋ ሲሄድ ሌላ ስም ነገሩት። ወንድ አያቱ ደግሞ ሁለቱም ልክ ነው አሉ፤ አንዱ የተወለደችበት፣ ሌላው ካገባች በኋላ የተጠራችበት ነው። ያንን ከወንድ አያቱ ለመስማት ሦስት ቅዳሜ ሄዷል። መጀመሪያ ላይ «መምህርት፣ ስሟን ቀድሞ ጽፌው የለ?» ይለኝ የነበረ ልጅ ነው።

እሷ። ምርጫውን ለሁሉም ስከፍት ስለ አሳዳጊዋ ትጽፋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ልክ እኔ እንደምመርጥላት። ሦስተኛው ቀን ላይ ጥያቄዋን አመጣች፦ «ስሜን ማን አወጣልኝ?» ከዚያ ቅጽ ላይ የነበራት አንዱ ነገር ስሟ ነበር፣ ከእሱ ጀመረች። አሳዳጊዋ ያዋለደቻት ነርስ እንዳወጣችላት ሰምተዋል። ተማሪዬ የክትባት ካርዷን ፈልጋ አገኘች፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሙ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ ቀጣዮቹ ክትባቶች በሌላ ተጽፈዋል፤ የስሟ አንድ ፊደልም ዛሬ ከምትጽፈው ይለያል። ቀድሞ በጎረቤት የኖሩ አንዲት ሴት ደግሞ ስሙን ያወጣችው እናቷ ራሷ ናት፣ ከነርሷም በፊት ስትጠራት ሰምቻለሁ አሉ። ተማሪዬ ሁለቱንም ጻፈች። የትኛዋ ምስክር በቦታው እንደነበረች፣ የትኛዋ ሰምታ እንደምትናገር ለየች። ጎረቤቷ ናቸው በቦታው ነበርኩ የሚሉት፣ ግን ከ12 ዓመት በኋላ ነው የሚናገሩት፤ ካርዱ የዚያን ጊዜ ነው፣ ግን ስሙን ማን እንዳወጣ አይልም። «ስለዚህ አልወሰንኩም» ብላ ጻፈች። «የፈለግሁትና ያላገኘሁት» የሚለው ገጽ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነባት፤ ልቀንስ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አትቀንሺ አልኳት።


በጉዲፈቻ ያደግሁ

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ።


የሰባት ልጆች አያት

እግዜር ይባርክሽ ልጄ። ያቺ ልጅ የጻፈችው ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ?


የታሪክ መምህርት

አልተለጠፈም፣ እናቴ። ጠየቅኋት፤ ቤት ልወስደው አለች። በፕላስቲክ ማኅደር አድርጌ ሰጠኋት፣ የካርዱንም ቅጂ ጨምሬ።